ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ከጎጃም ማዕድ ምን ይነሳ፣ ምን ይቅረብ?

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ውፍረት ወይም ስለ ስኳር በሽታ ወሬ ከተነሳ «እንጀራ አቁም» የሚል ሰው አይጠፋም። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም በዚሁ ተሞልቷል። አንዱ ኬቶ (እህልን ከሞላ ጎደል የሚያስቀር የአበላል ሥርዓት) ጀምሮ በወር ስንት ኪሎ እንደቀነሰ ይናገራል። ሌላዋ ቁርሷን አራት እንቁላል፣ ምሳዋን ጥብስ፣ እራቷን ሥጋ በአቮካዶ አድርጋ ታሳያለች። ይህን የሚያየው ሰው ግን ቢቸና ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ነው። ቤቱ ያለው ጤፍ፣ በቆሎና ሽሮ ነው። ነገ ረቡዕ ከሆነ ይጾማል። ሥጋ ቤቱ የሚገባው በአብዛኛው ለዓውደ ዓመት ነው።

እናም ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሁለት ሳምንት እንጀራ ትቶ፣ ተርቦና ተነጫንጮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ወይ «ይሄ የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ገና ሳይጀምረው ይተወዋል። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ካርቦሃይድሬት መቀነስ፣ በተለይ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለበት ሰው፣ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለዚህ የሚሆን ምግብም ጎጃም ውስጥ አለ። የጠፋው የአገሩን ማዕድ፣ ጾሙንና የሰዉን ኪስ ያገናዘበ ምክር ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

የጤፉ፣ የስንዴው፣ የበቆሎው፣ የሩዙ፣ የድንቹ ካርቦሃይድሬት አብዛኛው ስታርች ነው። ስታርች ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ ይሆናል። ጣታችንን ተወግተን የሚለካልን «ስኳር» እሱ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እያመነጨ ግሉኮሱን ከደም ወደ ሴል ያስገባዋል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ እየቆየም ኢንሱሊኑ ራሱ ያንሰዋል። ስለዚህ እህል በብዛት ሲገባ ስኳሩ ይወጣና ቶሎ አይወርድም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊሊያም ባንቲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ቀንሶ እንዴት እንደከሳ እ.ኤ.አ. በ1863 ጽፎ አሰራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ለሕክምና ከመዋሉ በፊት ደግሞ የስኳር ሕሙማን ዋናው መድኃኒት እህልና ጣፋጭ መቀነስ ነበር። ኬቶ የሚባለውን የምግብ ሥርዓት አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ራስል ዋይልደር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1921 ሲያስተዋውቀው የታሰበው ለሚጥል በሽታ ነበር። ለውፍረት ማስቀነሻ የገነነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት መብላት «ዝቅተኛ» ይባላል። ኬቶ ግን ከ20 እስከ 50 ግራም ብቻ ነው። ኬቶ ውስጥ እንጀራ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። በ130 ግራሙ ውስጥ ግን አለው። ሰዉ ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው «እንጀራ ካልተውኩ አይሆንም» ብሎ የሚደመድመው።

ውጤቱስ? ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት 609 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ገደማ ከሱ። ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች ግን ስኳርና የነጣ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር። ለመክሳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው እንግዲህ ይህ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ለስኳር ሕሙማን ግን ይለያል። የአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሰነድ የደም ስኳርን ለማስተካከል ከምግብ ለውጦች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው አጠቃላይ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ እንደሆነ ገልጿል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አራት ኪሎ ቀነስኩ ስለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ጉበትና ጡንቻ ግሉኮስን የሚያከማቹት ከውኃ ጋር ነው፤ ለአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛሉ። እህል ሲቀንስ ክምችቱ ያልቅና ውኃው በሽንት ይወጣል። ሚዛኑ የወረደው በአብዛኛው በዚህ ነው። ስቡ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ።

የእንጀራው ሒሳብ

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ከዚህ 8 ግራም ገደማው አሰር (ሆድ የማይፈጨው ፋይበር) ስለሆነ ወደ ስኳር አይለወጥም። እንጀራ እንደ ምጣዱና እንደ ሊጡ ይለያያል። ቢሆንም አንድ ሙሉ እንጀራ 100 ግራምና ከዚያ በላይ ዱቄት ሊበላ ይችላል። ምሳ ላይ አንድ ተኩል እንጀራ የበላ ሰው የቀኑን 130 ግራም እዚያው ሊጨርሰው ተቃርቧል። እራት ገና ነው፤ ሻዩም አልተቆጠረም።

አሁን በግማሽ እናስበው። ምሳ ግማሽ፣ እራት ግማሽ እንጀራ ቢሆን ሁለቱ ተደምረው 73 ግራም ገደማ ናቸው። ለጎመኑ፣ ለክኩ፣ ለቲማቲሙና ለሽንኩርቱ ወደ 57 ግራም ይተርፋል። ስለዚህ እንጀራ እየበሉ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ውስጥ መሆን ይቻላል። የቢቸናንና የደብረ ወርቅን ማኛ ለምዶ ያደገ ሰው ጭራሽ ተው ከሚባል ግማሹን ብላ ቢባል ይሻለዋል። ምክሩ ከዓመት በኋላም የሚጸናው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጭንቁ ያለው እንጀራው ላይ የሚወጣው ነገር ላይ ነው። ድንች በጎጃም ርካሽ ነው፤ ጾም ሲሆን ደግሞ ከማዕድ አይጠፋም። ሰው «አትክልት ነው» ብሎ ድንች ወጥ በእንጀራ ይበላል። የበላው ግን ስታርች በስታርች ነው። ፓስታ በእንጀራ፣ ሩዝ በዳቦ የሚበላም አለ። ባሕር ዳር አካባቢ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራም የተለመደ ነው። ንጣቱ ደስ ይላል፤ የነጭ ሩዝ አሰር ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ። ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ጤፉን ለብቻው፣ ወይም ከገብስ ጋር አድርጉት። ገብስ ውስጥ ያለው አሰር ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያግዛል። ዳጉሳ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ሆኖም «ዳጉሳ ስኳር አይጨምርም» ተብሎ እንደልብ የሚበላ እህል አይደለም።

የሚጠጣው ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ይቅደም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ አድርጎ በቀን አራት ሻይ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ጠጥቷል፤ ከግማሽ እንጀራ ይበልጣል፣ ሆድም አይሞላም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። የጎጃም ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከ100 ግራም ማር 82 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ነው። ብርዝና ጠጅ «የማር ነው» ተብሎ ለስኳር ሕመምተኛ አይፈቀድም። ቡናን ያለ ስኳር መልመድ ይቻላል፤ ገጠር ውስጥ በጨው የሚጠጡ አሉ። ደም ግፊት ያለበት ግን ጨዉንም ይተወው።

ጾሙ ሲመጣ

ከውጭ የመጣው የኬቶ ሜኑ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ላይ የቆመ ነው። የኦርቶዶክስ ተከታዩ ምእመን ደግሞ በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። በፍስክ እንደ ምንም ተስተካክሎ የነበረው ስኳር በጾም ወቅት የሚዘበራረቅበት ሰው ብዙ ነው። ሽሮ፣ ድንች፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሻይ እየተፈራረቁ ይመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ እህል አለ። ግብጦ።

አዊ፣ ዳንግላ፣ መርዓዊ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሌላው የሚያውቀው በአረቄው ነው። ጠፍጠፍ ያለ፣ ነጣ ያለ ፍሬ ነው። ደካማ መሬት ላይ ይበቅላል፣ መሬቱንም ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ጥሬው እጅግ መራራ ነው። አልካሎይድ የሚባል ጎጂ ነገር ስላለው ሳይዘጋጅ መብላት ያሳምማል። ስለዚህ እናቶች መጀመሪያ ምጣድ ላይ ይቆሉታል። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ይከቱትና ወራጅ ወንዝ ላይ ይነክሩታል፤ ውኃው እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭኑበታል። እዚያ ብዙ ቀን ያድራል። በየመሀሉ አንድ ፍሬ አውጥተው ይቀምሳሉ። ምላስ ላይ ትንሽ እንኳ ምሬት ከቀረ ወደ ውኃው ይመለሳል። ምሬቱ ጨርሶ ሲወጣ ቅርፊቱ ይላጥና በጨው፣ ከተገኘም በቃሪያ ይበላል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የተቀቀለ ምስር 20 ነው። የተቀቀለ ግብጦ 10 ገደማ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ 15 ግራም ያልፋል። ደረቁ ፍሬ ከሦስት አንዱ ፕሮቲን ነው፣ ስታርቹ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በውጭ አገር ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱ ሰዎች የግብጦ ዱቄት ገዝተው ዳቦ ይጋግሩበታል። እኛ ጋ ግን ግብጦ ሴቶች በትንሽ መስፈሪያ እየሰፈሩ የሚሸጡት ተራ መክሰስ ነው፤ ከተሜው ቀና ብሎ አያየውም። በጾም ሥጋን የሚተካ፣ ስኳር የማያስወጣ፣ ዋጋው የማይጎዳ እህል ደጃችን እያለ የምንረሳው መሆኑ ይቆጨኛል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ምሬታቸው ያነሰ የግብጦ ዝርያዎችን ለመኖ አጥንቷል። ይህ ሥራ ለሰው ምግብም ቢሰፋ ምንኛ በጠቀመ!

ቤት ውስጥ የሚያዘጋጅ ሰው ወንዝ ባይኖረው ውኃውን በየቀኑ ደጋግሞ እየቀየረ ማውጣት ይችላል። ምሬቱ ሳይወጣ ግን እንዳይበላ። ኦቾሎኒ የሚያስቆጣው ሰው ደግሞ ግብጦም ሊያስቆጣው ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ከግብጦ ቀጥሎ ተልባ አለ። 100 ግራም ተልባ ውስጥ ካለው 29 ግራም ካርቦሃይድሬት 27ቱ አሰር ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ጎመን ላይ ወይም ሰላጣ ላይ ቢነሰነስ ጥሩ ነው። ተልባ በማር ከሆነ ግን ጥቅሙ ይበላሻል። ሱፍም እንደዚሁ ነው፤ ፍትፍቱ ግን ሱፍ ተብሎ እንጀራ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ዝኩኒ እስኪጠግቡ ቢበሉ አያስፈራም። የቆጋ መስኖ ባለበት መርዓዊ አካባቢ ገበሬው አቮካዶ እያመረተ ነው። የአቮካዶ ካርቦሃይድሬት አብዛኛው አሰር ነው። ጁስ ቤት ገብቶ በስኳር ከመጠጣት በጨው፣ በሎሚና በሚጥሚጣ መብላት ነው። ባቄላና ምስር ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም አሰራቸውና ፕሮቲናቸው ብዙ ስለሆነ ከድንች እጅግ ይሻላሉ። አንድ ጭልፋ ወፍራም ክክ በግማሽ እንጀራ፣ ከጎን ብዙ ጎመን፤ የጾም ምሳ እንዲህ ቢሆን ይበቃል።

ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ ያንን የንስሐ አባት ይወስኑ። በፍስክ ግን ጣና ዳር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ አንዳቸውም ካርቦሃይድሬት የላቸውም። ዱቄት ተለውሶ ሲጠበስና ከዳቦ ጋር ሲቀርብ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ዱለት ወይም ለብለብ ማዘዝ ይቻላል። እንቁላልና አይብም እንዲሁ ከካርቦሃይድሬት ነፃ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እንቁላል ቢወደድም አንዱ ከጎመን ጋር ቁርስ ይሆናል። «ካርብ የለውም» ተብሎ ቅቤና ጮማ ማብዛትን ግን አልመክርም። ብዙ ስኳር ታማሚ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል አብሮት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ እህልን ቀንሰው በእንስሳት ሥጋና ስብ የተኩት የሞት አደጋቸው ከፍ ብሎ፣ በጥራጥሬ፣ በለውዝና በአትክልት የተኩት ደግሞ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ይህ ለጾመኛ አገር ደስ የሚል ወሬ ነው።

ማዕዱ የጋራ ሲሆን

ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ የራስን መቁጠር ይከብዳል። ልጅቱ ከባሕር ዳር እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ትሪው ይቀርባል፣ እንጀራው ይደራረባል።

«ብይ እንጅ ልጀ፣ ምን ሆነሻል? ከሳሽኮ!»

«እማየ፣ እየበላሁ ነው። ጎመኑን ጨምሪልኝ፤ እንጀራው ይብቃኝ።»

እናት ቅር ይላታል፤ እንጀራ ማቅረብ ፍቅሯ ነው። ግን ጎመኑን ጨምሪልኝ ስትባል እጇ አይታጠፍም፣ የምትሰጠው አላጣችም። የራስን ድርሻ እንጀራ ለይቶ ጠቅልሎ መያዝም ይረዳል፤ ያ ሲያልቅ በቃ። ጎመኑንና ክኩን ወይም ዓሣውን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ መብላት ከምግብ በኋላ ስኳር እንዳይተኮስ እንደሚያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ለማን አይሆንም?

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ጥፋት ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ (ብዙዎች ዳኦኒል የሚሉትን) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እህል በድንገት አይቀንስ። መድኃኒቱ የተመጠነው ለቀድሞው አበላሉ ነው። እህሉ ሲቀንስ መድኃኒቱ ይበዛና ስኳር ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ኃይለኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ይመጣል። ያኔ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ነው። የጎጃም ጾመኛ ብዙ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ዳኦኒል ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል፣ ከዚያም እህሉን በግማሽ መቀነስ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታቀልላለች። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ አደጋ እምብዛም አያገኘውም፤ ቢሆንም መጠየቅ አይጎዳም።

የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ልጆች፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰውም በራሱ አይጀምር።

ሌላም አለ። ገጠር ውስጥ ስኳር የሚታመመው ሁሉ ወፍራም አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀጭን፣ ወጣት፣ በምግብ እጥረት ያደገ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሞች ሲያዩ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ለይቶ አውቆታል። እንዲህ ያለውን ሰው «እህል ቀንስ» ማለት ማስራብ ነው። እሱ የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲንና ትክክለኛ ሕክምና ነው። ክረምት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ጤነኛ ገበሬም ስለ ግማሽ እንጀራ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ይህ ምክር በተለይ የሚመለከተው ወንበር ላይ የሚውለውን፣ በባጃጅ የሚመላለሰውን፣ ወገቡ የሰፋውንና ስኳሩ የወጣውን ከተሜ ነው።

የስኳር መለኪያ ማሽን ቤት ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ስትሪፑ ውድ ስለሆነ ሁለት ቀን ብቻ ይበቃል። አንድ ቀን እንደወትሮው ምሳ በልታችሁ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት ቆጥራችሁ ለኩ። ሌላ ቀን ግማሽ እንጀራ፣ ብዙ ጎመንና አንድ ጭልፋ ክክ ወይም እፍኝ ግብጦ በልታችሁ በዚያው ሰዓት ለኩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አትቀይሩ። ለአብዛኛው አዋቂ ሕመምተኛ ከምግብ በኋላ ከ180 (mg/dL) በታች ቢሆን ይመከራል። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የበላችሁትንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ይኸው ነው።